ከአማቴ ጋር የተቆለፈብኝ ሰሞን

በሽታው መካነ ሰላም ከመድረሱ ብዙ ቀድሞ ወሬው ደርሶ ነበር። እኔ ያን ጊዜ ከመናኸሪያው አለፍ ብሎ ባለች ጠባብ ክፍል የሴቶች ጸጉር እሠራ ነበር፤ ጸጉር የሚሠራ ሰው ደግሞ ወሬ ለመስማት ሬዲዮ አያስፈልገውም። አንዷ ደንበኛዬ ነጭ ሽንኩርት በክር ሰክታ አንገቷ ላይ አሥራ መጣች። ሌላዋ ፌጦ በሎሚ አንድ ብርጭቆ ከጠጣች ወዲህ ቫይረሱ በሰፈሯ እንደማያልፍ ነገረችኝ። ሦስተኛዋ ኮሮና ብርድ ስለማይችል ወደ እኛ ደጋ አይወጣም አለችና፣ ሳትጨርስ አስነጠሰች። ሁለቱ ጸጉራቸው በግማሽ እንደተሠራ ተነሥተው ወጡ።

ባለቤቴ ደምሴ የጅቡቲ መስመር የከባድ መኪና ሹፌር ነው። በደህናው ጊዜ የሹፌር ሚስት መሆን ሹመት ነበር፤ ዘይት የጠፋ እንደሆነ፣ ስኳር የጠፋ እንደሆነ ሰፈሩ ሁሉ «ሰዓዳ፣ የኔ እህት» ይለኝ ነበር። ኮሮና ሲመጣ እህትነቱ ቀረና ሰላምታው ከአጥር ማዶ ሆነ። ደምሴ ከጅቡቲ ሲመለስ መንገድ ላይ ይዘው ለይቶ ማቆያ አስገቡት። ከተያየን ሁለት ወር አልፎን ነበር። ጎረቤቶቼ ግን በሽታውን በስልክ እንደላከልኝ እርግጠኞች ነበሩ።

አሁን ስለ አማቴ ልንገራችሁ። እትዬ አስካለ ወግዲ ገጠር የሚኖሩ፣ ባላቸው በልጅነታቸው የሞቱባቸው፣ መሬታቸውን እያሳረሱ ልጆቻቸውን ለብቻቸው ያሳደጉ ሴት ናቸው። ከእሳቸው ጋር ተጣልተን አናውቅም። ለመጣላት መነጋገር ያስፈልጋል፤ እሳቸው ደግሞ ከሰርጌ ቀን ጀምሮ አንድ ቃል በቀጥታ ተናግረውኝ አያውቁም። ይህን የሰማ ሰው ምክንያቱ ሃይማኖት ይመስለዋል፤ እኔ ሰዓዳ፣ ልጃቸው ደምሴ ነና። ወሎ ውስጥ በዚህ ማን ይደነግጣል? የእሳቸው የገዛ እናት ዘሃራ ነበር ስማቸው። የከፋቸው ሌላ ነገር ነው። ለደምሴ የጎረቤታቸውን ልጅ አጭተው፣ በሽማግሌ ፊት ቃል ሰጥተው ሲያበቁ፣ እሱ የሰው ጸጉር የምትጎትት የከተማ ልጅ ይዞ ከች አለ። ቃላቸውን ያፈረሰባቸው ልጃቸው ነው። የተቀጣሁት ግን እኔ ነኝ፤ ልጅማ ልጅ ነው።

ወግዲ ስንሄድ በሰው በኩል ነበር የሚያናግሩኝ። እፊታቸው ተቀምጬ «ለዚች ልጅ ምሳ አቅርቡላት፣ መንገደኛ ናት» ይላሉ። በቤቱ ሰው ከሌለ ለድመቷ ይነግሯታል። ድመቷ መልእክት በማድረስ በኩል ምንም ጥፋት አልነበረባትም።

ሐምሌ ውስጥ ነው፣ ከሰዓት በኋላ። ዝናቡ ሰማይ የተቀደደ ይመስል ይወርዳል። አንድ ፒክአፕ በሬ ላይ ቆመ፤ ሞተሩን አላጠፋም። ከወግዲ የመጣ የአማቴ የእህት ልጅ እትዬ አስካለን ደግፎ አወረደና ደረጃው ላይ አስቀመጣቸው። ፌስታላቸውን አጠገባቸው ጣለ። መንግሥት ሁለት እርምጃ ተራራቁ ያለውን እሱ ወደ ሃያ አሳድጎ ከመኪናው ኋላ ቆሞ፣ ትንፋሽ አጥሯቸዋል፣ አንቺ ታውቂያለሽ ብዬ ነው አለኝ። ከዚያ ነዳው። ጸጉር ስለምሠራ ስለ ሳንባ የማላውቀው ነገር የለም ማለት ነው።

ሳያቸው ቀልዱ ጠፋብኝ። ሁለት እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ ተክለው፣ ትከሻቸው ከፍ ዝቅ እያለ አየር ይፈልጋሉ። ከንፈራቸው ጠቁሯል። ላስተኛቸው ስሞክር እንደሚሰምጥ ሰው ተንፈራግጠው ተነሡ። ቀና ብለው አላዩኝም። ወደ ሄደው መኪና እያዩ ብቻ «ከሁሉ... ከሁሉ ቤት... ወደዚች?» አሉ። ዓረፍተ ነገሩን ለመጨረስ ትንፋሽ ስላልነበራቸው ስድቡ ግማሽ ላይ ቀረልኝ።

ባጃጅ ለማግኘት የወጣሁትን መንገድ አልረሳውም። የጎረቤቶቼ መስኮቶች ሁሉ ተከፍተዋል፣ በሮቻቸው ሁሉ ተዘግተዋል። የመጀመሪያው ባለ ባጃጅ የአማቴን አተነፋፈስ አይቶ ነዳጅ አልቆብኛል አለና በዚያ ባለቀው ነዳጅ ተፈተለከ። ሁለተኛው እሺ አለ፤ ነገር ግን ሸራውን ሁሉ ገልጦ፣ ራሱን ወደ ውጭ አውጥቶ እየነዳ ወሰደን። እኛ ውስጥ ሆነን፣ እሱም ግማሽ አካሉ ውጭ ሆኖ፣ ሦስታችንም እኩል ረጠብን።

የሄድነው የትኛው ሆስፒታል እንደሆነ አልጽፍም። እዚያ የነበሩት ሰዎች በሌላቸው ነገር የሚችሉትን አድርገዋል፤ ስማቸውን በእኔ ወሬ ውስጥ መጎተት ውለታቸውን መርሳት ነው። በሩ ላይ ዘበኛው ሙቀት መለኪያውን እንደ ሽጉጥ ግንባሬ ላይ ደገነው። ቁጥሩን አይቶ ደጋግሞ አራገፈው። ዝናብ ሲደበድበኝ ስለቆየ መሣሪያው ከሞትኩ መቆየቴን ነግሮት መሰለኝ። ትኩሳት የለሽም አለኝ በአድናቆት፣ አሳለፈንም።

ድንገተኛ ክፍሉ ሰው ሞልቶ ነበር። እግሩ የተሰበረ፣ ምጥ የያዛት፣ ሆዱን የጨበጠ። እትዬ አስካለ አንድ ጊዜ ሳሉ። አግዳሚ ወንበሮቹ በቅጽበት ባዶ ሆኑ፤ እግሩ የተሰበረው ሰውዬ ከሁሉ ቀድሞ ነበር የተነሣው። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን የተከበርኩበት ጊዜ የለም።

ወጣቱ ሐኪም ከላይ እስከ ታች ፕላስቲክ ለብሶ፣ መነጽሩ በላብ ደፍርሶ መጣ። ደረታቸውን አዳመጠ፣ ጣታቸው ላይ መለኪያ አደረገ። ኦክስጅን አምጡ አለ። ከዚያ በቤተሰቡ ውስጥ ከውጭ አገር የመጣ ሰው እንዳለ ጠየቀኝ። ባለቤቴ ሹፌር ነው አልኩት። በየት መስመር? በጅቡቲ። ሐኪሙ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለ፤ ወዲያው ግን አፍሮ መሰለኝ ያንኑ እርምጃ ተመለሰ።

አሠራሩን አስረዳኝ። በሽተኛዋ ከድንገተኛ ክፍሉ ጀርባ ወዳለው የተለየ ክፍል ይገባሉ። አንድ አስታማሚ ብቻ ይፈቀዳል። የገባ አስታማሚ ደግሞ ናሙናው ደሴ ደርሶ ውጤቱ እስኪመጣ አይወጣም። ልጃቸው ነሽ ወይ አለኝ። እኔ አፌን ከመክፈቴ በፊት እትዬ አስካለ አመልካች ጣታቸውን አንሥተው ግራና ቀኝ አወዛወዙ። ትንፋሽ አልነበራቸውም፤ ለዚህ የሚሆን ጉልበት ግን ከየትም አመጡ።

አዲስ አበባ ላለው የደምሴ ወንድም ለታደለ ደወልኩ። ታደለ የዘመኑን መድኃኒት ሁሉ ከስልኩ ላይ የሚያነብ ሰው ነው። ነገሩን ስነግረው ድምፁ ረጠበ። አንቺ እኮ የዚህ ቤት ዋልታ ነሽ፣ አንቺ ግቢ፣ እኛ በስልክ አለን አለኝ። ዓመታት ሙሉ በሰርግም በተዝካርም ያላገኘሁትን ሹመት በአንድ ደቂቃ ስልክ ተሰጠኝ። ቀጥሎ ደምሴ ራሱ ከማቆያው ደወለ። እሱ ግቢም አትግቢም አላለኝም። «እንዳልሽ አድርጊ» አለና አፍንጫውን ሲስብ ሰማሁት።

እውነቱን ልናገር። እግሬ ወደ በሩ ዞሮ ነበር። ሃያ ዘጠኝ ዓመቴ ነው፤ ልጅ አልወለድኩም፤ ለማታናግረኝ ሴት ብዬ ልሞት ነው? ይህን እያሰብኩ ሳለ እትዬ አስካለ ጭምብሉን ከአፋቸው ገለጥ አድርገው ሐኪሙን ጠሩት። «ለዚች ልጅ... ቤትሽ ሂጂ በላት። ገና... ልጅ ናት። በእኔ የተነሣ... እንዳትሞት።»

ሐኪሙ ወደ እኔ ዞረ። ሰምቻለሁ አልኩት። ከዚያ የጫማዬን ጭቃ ጠርጌ ቀድሜያቸው ገባሁ። ርኅራኄ ነው ብል ደስ ባለኝ፤ እልህ ነበር። ሴትዮዋ ከዚህ ሁሉ ዓመት በኋላ ስለ እኔ አንድ ደህና ነገር ተናገሩ፤ እሱንም ለሌላ ሰው ነው የነገሩት። እንዲህ አድርጎ ማምለጥ አለ እንዴ?

ክፍሉ ሁለት አልጋ ነበረው፣ መሐል ላይ የፕላስቲክ መጋረጃ። ሌላ ክፍል ስላልነበረ ከእኛ ቀድሞ የገባ በሽተኛ ከመጋረጃው ማዶ ተኝቷል። አባባ ይመር ይባላሉ፤ ከአቀስታ ወዲያ ካለ ገጠር የመጡ ቀጭን ሽማግሌ። ልጆቻቸው በሩ ድረስ አምጥተዋቸው፣ ምግብ ይዘን እንመጣለን ብለው ሄደዋል። መቼ እንደሄዱ ስጠይቃቸው «አሁን ይደርሳሉ፤ መንገዱ ጭቃ ነው» አሉኝ። በኋላ ሲስተር በጆሮዬ እንደነገረችኝ ልጆቹ ኮሮና የሚለውን ቃል ከሰሙ ጀምሮ አልታዩም፤ ቀናት ተቆጥረዋል።

እትዬ አስካለ ኦክስጅን ተደረገላቸው። እኔ እግራቸው ሥር በርጩማ ላይ ተቀመጥኩ። በሩ ከውጭ ተቆለፈ። ያኔ ነው የአማቴን ችግር የተረዳሁት፤ ድመቷ የለችም። ውሃ ሲጠማቸው ለግድግዳው ነገሩት። ግድግዳው ዝም ሲል ለኦክስጅኑ ሲሊንደር ነገሩት። እኔም ተነሥቼ ውሃውን አቀበልኳቸው፣ እሳቸውም ሲሊንደሩን «እግዜር ይስጥህ» አሉት። ከዚያ ከመጋረጃው ማዶ ሰው መኖሩ ትዝ አላቸውና ፊታቸው በራ። ለዚች ልጅ ትራሱን ከፍ ታድርግልኝ በልልኝ አሏቸው አባባ ይመርን። አባባ ይመርም ሳቁ፣ ሳሉ፣ መልእክቱንም አደረሱ። እንዲህ ተባብለን አመሸን።

ሲነጋ ግን ባሰባቸው። ሐኪሙ መጥቶ አየ። እግራቸውን ገልጦ በጣቱ ሲጫነው ጣቱ የሠራው ጉድጓድ እዚያው ቀረ። የግፊት መድኃኒት ተሰጥቷቸው ያውቅ እንደሆነ ጠየቀ፤ አዎ። አሁንም ይወስዱታል? ራሳቸውን በኃይል ነቀነቁ፣ እንዴታ እንደማለት። ልባቸውን ጠርጥሮ እንደነበር ገባኝ፤ መድኃኒታቸውን በደንብ የሚወስዱ ከሆነ ግን ነገሩ ሳንባ ሳይሆን አይቀርም፣ ወደ ደሴ መተላለፍ አለባቸው፣ አምቡላንሱ ግን ሌላ ሰው ይዞ ሄዷል፣ እስኪመለስ እንጠብቃለን አለ። እስኪመለስ ይቆያሉ ወይ ብዬ በዓይኔ ጠየቅኩት። መነጽሩን በክንዱ ጠረገ።

እኔ አማቴ ራሳቸውን ሲነቀንቁ አይቻለሁ። ልጃቸውን ደምሴን አግብቻለሁ፤ ደምሴ ሲዋሽ እንደዚያ ነው የሚነቀንቀው፤ ከሚያስፈልገው በላይ። ሐኪሙ እንደወጣ መጠየቅ ፈለግኩ፤ ልማድ ክፉ ነው፣ እኔም አፌን የከፈትኩት ወደ መጋረጃው ነበር።

«አባባ ይመር፣ እትዬን ይጠይቁልኝ እስቲ። ክኒናቸውን በእርግጥ ይውጡ ነበር?»

ሽማግሌው ጭምብላቸውን ቀስ ብለው ገለጡ። በአንድ ትንፋሽ ጥቂት ቃል ብቻ ነበር የሚችሉት፤ ስለዚህ ንግግሩ ረጅም ጊዜ ወሰደ። «ልጄ... እኔ ለራሴም ትንፋሽ አጥሮኛል። የእናንተን መልእክት... በየትኛው ትንፋሼ ላመላልሰው? እሷም አማርኛ ትሰማለች። አንቺም ትሰሚያለሽ። አሏህ ያሳያችሁ... ልተኛበት።»

ጭምብላቸውን መለሱና ወደ ግድግዳው ዞሩ። አማቴ ጣሪያውን አዩ፣ ሲሊንደሩን አዩ፣ በሩን አዩ። ሌላ የሚታይ ነገር ሲጠፋ እኔን አዩኝ።

«ሰዓዳ» አሉ።

ስሜን ማወቃቸውን እንኳን እጠራጠር ነበር። «አቤት እትዬ።»

«አልዋጥኩም።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከፋሲካ ወዲህ። ጤና ጣቢያ የሄደ ሁሉ... እዚያው ይያዛል አሉ። ክኒኑ አለቀ። አልሄድኩም።»

«ታዲያ ምን ሲወስዱ ከረሙ?»

«ጨው።»

«ምን አሉኝ?»

«ጨው። በሙቅ ውሃ። ጠዋትና ማታ። ለኮሮና ፍቱን ነው ብለው... ታደለም በስልክ ነግሮኛል።»

«ተጉመጥምጠው ይተፉታል አይደል?»

እንደ ጅል አዩኝ። «መድኃኒት ይተፋል እንዴ? እጠጣዋለሁ እንጂ። በጣሳ።»

በሩን በሁለት እጄ ደበደብኩት። ሲስተር መጣች፣ ሐኪሙ ተጠራ፣ ከበሩ ወዲህ ሆኜ ሁሉንም አንድ ላይ ዘረገፍኩት፤ ክኒኑን፣ ፋሲካን፣ ጨውን፣ ጣሳውን። ሐኪሙ ጣሳ የሚለው ላይ ዓይኑን ጨፈነ። ቀስ ብሎ አስረዳኝ። ልባቸው የደከመ ነው፤ ጨው ውሃ ይይዛል፤ የያዘውን ውሃ ልብ መግፋት ሲያቅተው ወደ ሳንባ ይወርዳል። ሴትዮዋ ኮሮናን ሲጠብቁ በደረቅ መሬት ላይ እየሰጠሙ ነበር። ሽንት የሚያስወጣ መርፌ ወጓቸው።

በእኔና በአማቴ መካከል የነበረው ግድግዳ በምን ፈረሰ ብላችሁ ብትጠይቁኝ፣ በሽንት ነው እላችኋለሁ። የሚያምር መልስ ስላልሆነ ይቅርታ። የዚያን ቀን ፖፖ ተሸክሜ ስመላለስ ዋልኩ። መርፌው ሲሠራ ጊዜ አይሰጥም፤ በሰው በኩል «ለዚች ልጅ ንገሩልኝ» የሚባልበት ነገር አይደለም። «ሰዓዳ» ማለት ነበረባቸው፣ ያውም በፍጥነት። ዓመታት የተቆጠበ ስሜ በአንድ ቀን ተጠርቶ አለቀ። አምቡላንሱ ሲመለስ እሳቸው ተጋድመው መተኛት ችለው ነበር። በማግስቱ ትራስ ተደግፈው ተቀመጡና ጸጉሬ ለምን ቀይ እንደሆነ ጠየቁኝ። ቀለም ነው አልኳቸው። «እኔ ደግሞ በሽታ መስሎኝ ዝም ብዬ ነበር» አሉ።

እሳቸው ሲሻላቸው ከመጋረጃው ማዶ እየባሰ ሄደ። የአባባ ይመር ኦክስጅን መጨረሻው ድረስ ተከፍቷል። ሲስተር ትገባለች፣ ታያለች፣ ትራሳቸውን ታስተካክላለች፣ ትወጣለች። አንዳንዴ ይባንኑና በሬው ገብቷል ወይ ይላሉ። ዝናቡ አባርቷል ወይ ይላሉ። ማንንም በስም አይጠሩም። እኔ ከመጋረጃው ወዲህ ሆኜ ገብቷል አባባ፣ አባርቷል አባባ እላለሁ። ወደዚያ ለመሻገር ፈርቼ ነበር። ለአማቴ የነበረኝ እልህ ለእሳቸው አልነበረኝም፤ ያለ እልህ ደግሞ ጀግና አይደለሁም።

ከቀትር በኋላ አተነፋፈሳቸው ተለወጠ። እትዬ አስካለ ጆሯቸውን አቁመው ሲሰሙ ቆዩና «ሰዓዳ፣ ሂጂና ሸሃዳውን አሲዢው» አሉኝ።

«እትዬ፣ እኔ እኮ...»

«እኔ አልችልበትም። ያንቺ ነው።» ድምፃቸው ዝቅ አለ። «እናቴ ዘሃራ ስትሞት ቃሉን የሚያስይዛት ሰው ጠፍቶ፣ ጎረቤት እስኪመጣ እኔ እጇን ይዤ ዝም ብዬ ተቀምጬ ነበር። ሰው ያለ ቃሉ አይሄድም። ተነሺ።»

ተነሣሁ። ጭምብሌን ጠበቅ አድርጌ መጋረጃውን ገለጥኩ። ጸጉር ቤት ውስጥ ሬዲዮ ከፍቼ የምውል፣ ሶላቴን የምሰግደው ረመዳን ሲመጣ ብቻ የሆንኩ ሴት፣ የአንድ የማላውቀውን ሽማግሌ እጅ ይዤ ቃሉን በጆሯቸው ማለት ጀመርኩ። ቀስ ብዬ፣ ደጋግሜ። እንዳልሳሳት ፈራሁ። ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ። አመልካች ጣታቸው እጄ ውስጥ ቀና አለ። ከዚያ ትንሽ ቆዩ፣ ሄዱም። ዞር ስል እትዬ አስካለ በብርድ ልብሳቸው ሥር ያማትባሉ። በመጋረጃው በወዲያም በወዲህም የሚባለው ተባለ።

ውጤቱ መጣ። አማቴ ነጻ፣ አባባ ይመር ኮሮና። ከእሳቸው ጋር ስለነበርን ቤታችን ገብተን ሁለት ሳምንት ከሰው እንድንርቅ ተነግሮን፣ ክኒን በፌስታል ይዘን ወጣን።

በሩ ላይ ሁለት ጎልማሶች አንድ ጃንጥላ ሥር ቆመዋል። አንደኛው በጨርቅ የተጠቀለለ የምግብ ሳህን ይዟል። ነጭ የለበሱት ሰዎች አስከሬኑን ወደ መኪና ሲያስገቡ ከሩቅ አይተዋል፤ እንዲቀርቡ አልተፈቀደላቸውም። ዘበኛው አብረዋቸው የነበሩት እነዚህ ናቸው ብሎ ወደ እኛ ጠቆማቸው። ሳህን የያዘው ጥቂት ቀረብ ብሎ «ስለ እኛ ምን አለ?» አለ።

እኔ መልሴን ካዘጋጀሁ ቆይቻለሁ። ፖፖ ይዤ ስመላለስ ለእነዚህ ልጆች የምነግራቸውን ስሞርድ ነበር የሰነበትኩት፤ አንድም ቀን ስማችሁን አልጠሩም፣ ስለ በሬው ነው የጠየቁት ልላቸው ነበር። እውነትም ነበር። አፌን ስከፍት እትዬ አስካለ ክንዴን ጨበጡኝ።

«መርቋችኋል» አሉ። «ሁለታችሁንም በየስማችሁ። መንገዱ ጭቃ ሆኖባቸው ነው አለ። በሬውንም እንዳትሸጡት ብሏል።»

ልጆቹ ጃንጥላውን ለቀው ጭቃው ላይ ተቀመጡ። ሳህን የያዘው ሳህኑን እንዳቀፈ ነበር የሚያለቅሰው።

ባጃጅ ውስጥ ገብተን ጥቂት ከሄድን በኋላ፣ እትዬ፣ አባባ ይመር መቼ ነው የመረቋቸው አልኳቸው።

«ትንፋሽ ቢኖረው ይመርቃቸው ነበር» አሉ። «ምን አባቱ ያደርጋል፣ ልጆቹ ናቸው።» ከዚያ ፊታቸውን ወደ ውጭ አዞሩ፤ ቤት እስክንደርስ አልመለሱትም።

ሁለቱን ሳምንት በአንድ ክፍል አሳለፍን። ጎረቤቶቻችን ምግብ በአጥር ላይ እያቀበሉ ጤንነታችንን ይጠይቁ ነበር፤ ይበልጥ ለማወቅ የሚፈልጉት ግን መቼ እንደምንሞት ነበር። ደምሴ ከማቆያ ወጥቶ ሲመጣ እናቱና ሚስቱ ጨው የሌለው ወጥ ላይ ሲከራከሩ አገኘን። በሩ ላይ ቆሞ ለረጅም ጊዜ ሰማን፤ ሙዚቃ የሚሰማ ነበር የሚመስለው። ከዚያ ጊዜ ጀምሮ እትዬ አስካለ ያልተናገሩኝን ዓመታት ከነወለዱ እየከፈሉኝ ነው። አንዳንድ ቀን ያንን ዝምታ እናፍቃለሁ ብል አትፍረዱብኝ።

እንግዲህ አንባቢዎቼ፣ ኮሮና ጥሩ ነገር አደረገልኝ እንድል ከጠበቃችሁ አልልም። ደህና ሰዎችን ወስዷል፤ ከእነሱ አንዱ ከእንግዳ ሰው በቀር ማንም ሳይኖረው ሲሄድ አይቻለሁ። ብቻ አንድ ነገር ለወጠብኝ። ዛሬ በሰፈራችን ሰው ታሞ አስታማሚ ካጣ ጸጉር ቤቴን ዘግቼ እሄዳለሁ። ማንም አልሾመኝም፣ አመስጋኙም ብዙ አይደለም። ለሐኪሙ ጥያቄ በሽተኛው ራሱን ስለነቀነቀ ብቻ አላምንም፤ ጠዋት ምን ጠጡ፣ ማታ ምን ጠጡ፣ ከማን ተኳርፈዋል ብዬ እጠይቃለሁ። የመጨረሻው ጥያቄ ከሕክምና ጋር ምን አገናኘው የሚል ካለ፣ ከእኔ ጋር አንድ ጊዜ ይምጣና ይይ።

ሥራዬን ጎድቶታል። ባለፈው ዓመት አንዲት ደንበኛዬን ግማሽ ጭንቅላቷ ተሠርቶ፣ ግማሹ ገና ሳለ ጥያት ወደ ድንገተኛ ክፍል ሄድኩ። የታመመው ዳነ። እሷ ግን በዚያው ጸጉር የእህቷ ሰርግ ላይ ተገኘችና እስከ ዛሬ አታናግረኝም። መንገድ ላይ ስታየኝ ማዶ ትሻገራለች። እኔ አልቸኩልም። ስትታመም እንነጋገራለን።